በትንኝ የሚተላለፉ የአንጎል ብግነት ቫይረሶች የዘረመል ምርመራ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1999 ኒውዮርክ ውስጥ አረጋውያን ትኩሳት እየያዛቸው፣ አእምሯቸው እየሳተና ጡንቻቸው እየዛለ ሆስፒታል ይገቡ ጀመር። ለፀረ እንግዳ አካል ሲመረመሩ፣ በትንኝ የሚተላለፈው የሴንት ሉዊስ ኤንሰፍላይትስ (የአንጎል ብግነት) ነው ተባለ። በዚያው ሰሞን ግን ቁራዎች በየመንገዱ ይረግፉ ነበር፤ በብሮንክስ መካነ እንስሳትም ወፎች ሞቱ። የመካነ እንስሳቱ ፓቶሎጂስት (የበሽታና የሞት መንስኤ መርማሪ) ትሬሲ ማክናማራ ነገሩ አልዋጥላት አለ፤ የሴንት ሉዊስ ቫይረስ ወፍ አይጨርስማ። የቫይረሱ ዘረመል ሲነበብ፣ እ.ኤ.አ. በ1937 ዩጋንዳ ውስጥ የተገኘው ዌስት ናይል የተባለ ቫይረስ ሆነ።

ስህተቱ የስንፍና አልነበረም። ሁለቱ ቫይረሶች ዘመዳሞች ናቸው፤ የጃፓን ኤንሰፍላይትስም ከነሱው ወገን ነው። ሰውነት ለአንዱ ያዘጋጀው ፀረ እንግዳ አካል ሌላውንም ሊይዝ ስለሚችል ምርመራው ያምታታል።

የዘረመል ምርመራ የሚፈልገው የሰውነትን ምላሽ ሳይሆን ቫይረሱን ራሱን ነው። የነዚህ ቫይረሶች ዘረመል 11,000 ገደማ ፊደላት ያሉት አርኤንኤ ነው። ፒሲአር የሚባለው ዘረመልን የማባዛት ዘዴ የሚያባዛው ዲኤንኤ ስለሆነ መጀመሪያ አንድ ኤንዛይም አርኤንኤውን ወደ ዲኤንኤ ይገለብጠዋል። ከዚያ ፕራይመር የሚባሉ አጫጭር ቁራጮች ከተፈለገው ቫይረስ ፊደላት ጋር ይገጥማሉ፤ በመካከላቸው ያለው ክፍል በየዙሩ እጥፍ ይሆናል። ሁሉም ዙር ከሰመረ በ30 ዙር አንዱ ቅጂ ከቢሊዮን ያልፋል። ታዲያ ፕራይመር የተሠራለትን እንጂ ሌላውን አያይም፤ ያልተጠረጠረ ቫይረስ ሲሆን ናሙናው ውስጥ ያለውን ዘረመል በጅምላ ማንበብ ያስፈልጋል።

ዋናው ችግር ጊዜ ነው። ቫይረሱ ደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ቀናት ሲሆን፣ በሽተኛው መቃዠት ሲጀምር ብዙውን ጊዜ ከደሙ ጠፍቷል። ስለዚህ «ፒሲአሩ ኔጌቲቭ ነው» ማለት «በሽታው የለም» ማለት አይደለም፤ ይህን የሚዘነጋ ሐኪም በሽተኛውን ይጎዳል። እስካሁንም ዋናው ማረጋገጫ ከጀርባ በመርፌ በሚቀዳው የአከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ አይጂኤም የሚባለውን ፀረ እንግዳ አካል ማግኘት ነው። የመከላከል አቅማቸው በመድኃኒት የተዳከመ ሰዎች ግን ፀረ እንግዳ አካሉን ላያመርቱ ይችላሉ፤ ለነሱ ፒሲአር ትልቅ ተስፋ ነው።

የዘረመል ምርመራ ይበልጥ የሚጠቅመው ሕመም ከመጀመሩ በፊት ነው። ቫይረሱ በትንኞቹ ውስጥ መኖሩን ለማወቅ፣ እስከ 50 የሚደርሱ ትንኞች አንድ ላይ ተፈጭተው ይመረመራሉ። አሜሪካ ውስጥም ከእ.ኤ.አ. 2003 ጀምሮ የሚለገስ ደም ለዌስት ናይል በዘረመል ይፈተሻል፤ ለጋሹ ምንም ሳይሰማው ቫይረሱ ደሙ ውስጥ ሊኖር ይችላልና።