በእጅ የሚሳል የግል ዳታ ምንድን ነው?

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እናቴ ቤት የተጠጣውን ቡና አንድ ሳምንት ሙሉ ቆጠርኩ። ሲኒውን ነው የቆጠርኩት። መጀመሪያ ሰዉን ልቆጥር ነበር፤ እማዬ «ሰው አይቆጠርም፣ ልጄ» ብላ ከለከለችኝ። እያንዳንዷ ሲኒ ወረቀቴ ላይ አንድ ክብ ሆነች፤ አቦል በጥቁር፣ ቶና በቀይ፣ በረካ በቢጫ እስክሪብቶ። ለየጎረቤቱ አንድ አንድ መስመር ሰጠሁ። ጎረቤት ምርቃቱን ሳይጠብቅ ከተነሳ መስመሩ እዚያው ይቆረጣል። በሰባተኛው ቀን እጄ ላይ የቀረው ወረቀት በእጅ የተሳለ የግል ዳታ ነው።

ዳታ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ሞባይላችን ላይ የሚያልቅብን ነገር ነው፤ ካልሆነም የመሥሪያ ቤት ሰንጠረዥ። እዚህ ግን የምናወራው ሌላ ነው። ሰው ከገዛ ኑሮው አንድ ሰበዝ ይመዝዛል፤ ስንት ጊዜ እንዳመሰገነ፣ ስንት ጊዜ እንዳማረረ፣ ከማን ጋር ቡና እንደጠጣ። ያንን ራሱ እየመዘገበ፣ ለዚያ ጉዳይ ብሎ በፈጠረው ምልክት በወረቀት ላይ ይስለዋል። ምልክቶቹን የሚያስነብብ መፍቻም አብሮ ይጽፋል።

ብዙ ሰው ይህን አሠራር ያወቀው በሁለት ሴቶች ፖስታ ካርድ ነው። ጣሊያናዊቷ ጆርጂያ ሉፒ ኒው ዮርክ፣ አሜሪካዊቷ ስቴፋኒ ፖሳቬክ ለንደን ይኖሩ ነበር። ይህን ከመጀመራቸው በፊት በአካል የተያዩት ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ጀምረው ለ52 ሳምንታት በየሳምንቱ አንድ ርዕስ እየመረጡ የራሳቸውን ውሎ መዘገቡ፤ የመዘገቡትንም ሥለው በፖስታ ተላላኩ። ከካርዱ ፊት ሥዕሉ፣ ከጀርባው አድራሻውና መፍቻው አለ። በድምሩ 104 ካርድ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ካርዶቹን በቋሚ ስብስቡ ውስጥ አስገባቸው።

የመጀመሪያው ሳምንት ርዕስ «ስንት ጊዜ ሰዓት አየሁ» የሚል ነበር። ሉፒ ብዛቱን ብቻ መዝግባ አላለፈችም። ሰዓቱን ያየችው ሰልችቷት ይሁን፣ ርቧት፣ ረፍዶባት ወይም ዓይኗ እንዲሁ አርፎበት፣ ለየምክንያቱ የተለየ ምልክት ሰጠች። የነገሩ ልብ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቁጥሩ ከምክንያቱ ጋር ሲቀመጥ ሰውየዋ ትታያለች። እ.ኤ.አ. በ2017 ይህን አስተሳሰብ «የዳታ ሰብዓዊነት» ብላ ጻፈችበት፤ ትንሽ ዳታ፣ ጉድለት ያለበት ዳታ፣ ከሰው ስሜት ያልተፋታ ዳታ ክብር ይገባዋል ስትል።

በእጅ መሣሉ ራሱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1900 በፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ጥቁር አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ደብሊው ኢ ቢ ዱ ቦይስ ከተማሪዎቹ ጋር በቀለም የሣላቸው ገበታዎች የጥቁር አሜሪካውያንን ኑሮ አሳይተዋል። አንደኛው በአሜሪካ የጆርጂያ ግዛት ጥቁሮች የነበራቸውን የቤትና የማድቤት ዕቃ ግምት የሚያሳይ ነው፤ እንደ ሰፌድ ዙሪያውን ይጠቀለላል። ያን ሥዕል ሳየው ሁሌም የአያቴ ሰፌድ ይታወሰኛል።

ወደ ቡናችን ልመለስ። ሰንጠረዥ ሠርቼ ቢሆን «በአንድ አቦል በአማካይ 5 ሲኒ» ብዬ እጨርስ ነበር። ሥዕሉ ግን ሌላ ነገር አሳየኝ። ከቶና በኋላ መስመሮቹ ተራ በተራ ይቆረጣሉ፤ ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ ጭራሽ ከአቦል አያልፉም። ቢጫው ክብ በአራት ቀን ሁለት ብቻ ነው። አንዱ የእማዬ ነው። ሌላው ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩት የግራ ጎረቤታችን ናቸው። በዚያ ቤት አድጌ በረካ የሁለቱ ሰዓት መሆኑን አላውቅም ነበር።

ወሎ ቁጥርን በክፉ ያውቀዋል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ያለቀው ሕዝብ እስከ ዛሬ የሚነገረው በግምት፣ በአሥር ሺዎች እየተጠጋጋ ነው። ያን ቁጥር አልንቀውም። ጥፋቱ የከፋው መንግሥት ነገሩን በመደበቁም ጭምር ነውና፣ ቆጥሮ የሚናገር ያስፈልግ ነበር። አያቴ ግን ያን ዘመን ስታነሳ ጣቷን እያጠፈች ስም ነበር የምትጠራው። ሁለቱም መቁጠር ነው፤ እኛ ዳታ ብለን የተማርነው የመጀመሪያውን ብቻ መሆኑ ነው የሚቆጨኝ።

ታዲያ ለምን በእጅ? ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ከተቀበለ በአንድ አፍታ ግራፉን ያወጣል፤ ቅርጹ ግን ቀድሞ የተሰፋ ልብስ ነው። በእጅ ሲሆን ቅርጹን ከጉዳዩ ተነስተህ ታወጣለህ፤ እያንዳንዷን ክብ ስታኖርም ያቺን ሲኒ ታስታውሳለህ። ሰፌድ የምትሰፋ ሴት አለላውን በየዙሩ ቆጥራ ታስገባለች፤ ስትሳሳት ተርትራ ትመለሳለች። ጊዜ ይፈጃል፤ ጊዜው ግን ማየት ነው።

ድክመቱንም ልናገር። የእኛ ቤት ሳምንት ስለ ደሴ ምንም አያረጋግጥም። መቁጠሩ ራሱ የሚቆጠረውን ይለውጣል፤ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ አንዷ ጎረቤት «መስመሬ እንዳይቆረጥ» እያሉ እየሳቁ እስከ ምርቃቱ ይቀመጡ ጀመር። ደግሞ የእኔ ዳታ ብዬ የያዝኩት ግማሹ የሰው ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ስም የለም፤ ለማንም ከማሳየቴ በፊትም የግራ ጎረቤታችንን አስፈቅጃለሁ።

መጨረሻ ላይ ለእማዬ አሳየኋት። መፍቻውን አንብቤላት ስጨርስ ጣቷን ሐሙስ ላይ አሳረፈች። እዚያ አንድ መስመር ከአቦል በኋላ ቆርጬ «ወደ ሱቅ» ብዬ ጽፌ ነበር።

«ሱቅ አይደለም የሄደችው፤ ቅሬ ተጠርቶ ነው» አለችኝ።

ቅሬ የእኛ አገር እድር ነው። ለቀብር የተነሳ ሰውና ወደ ሥራው የሄደ ሰው በአንድ ምልክት ሊቆረጡ አይገባም። መፍቻው ላይ አዲስ ምልክት ጨመርኩ፤ ሐሙስንም እንደገና ሣልኩት።