የደም ካልሲየም ማነስ በድንገተኛ ክፍል፦ ደሴና ዙሪያዋ

የደም ካልሲየም ማነስ ቶሎ ከታወቀ በደቂቃዎች ፋታ የሚሰጥ፣ ከተዘነጋ ግን ትንፋሽ የሚያሳጣ ችግር ነው። የአዋቂ ሰው መደበኛ መጠን በዴሲ ሊትር ከ8.5 እስከ 10.5 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው። ሲወርድ ነርቭና ጡንቻ ያለልክ ይነቃቃሉ። መጀመሪያ ከንፈርና ጣት ይደነዝዛል፣ ይነዝራል። ቀጥሎ እጅ ይኮማተራል፤ አውራ ጣት ወደ መዳፍ ይገባል፣ አንጓው ይታጠፋል፣ የቀሩት ጣቶች ተገትረው ይገጥማሉ። ሲብስ ጉሮሮ ይዘጋል፣ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፣ የልብ ምት ይዛባል።

ስለ ወሎ ደጋ እያወሩ እንቅርትን መዝለል አይቻልም። የአዮዲን እጥረት አካባቢውን ለረጅም ዘመን ጎድቶታል። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት በመንግሥት ደንብ የታዘዘው በ2003 ዓ.ም. ነው። እንቅርት በኦፕራሲዮን ሲወጣ ከጀርባው ያሉት ፓራታይሮይድ ዕጢዎች ሊጎዱ ይችላሉ። ብዙውን ጊዜ 4 ናቸው፤ መጠናቸው ከምስር ፍሬ አይበልጥም፤ ካልሲየምን የሚቆጣጠሩት ግን እነሱ ናቸው። መጠኑ በብዛት የሚወርደው ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከ1 እስከ 3 ባሉት ቀናት ነው። ደሴ ታክሞ የወጣ የለጋምቦ ወይም የኩታበር ሰው ያኔ አገሩ ገብቶ ሊሆን ይችላል። እጁ ሲኮማተር ቤተሰብ «ለክፎት ነው» ቢል አይፈረድበትም። ጸሎቱም ዱዓውም አይቅር፤ ሆስፒታሉ ግን ይቅደም። ታካሚው ከመውጣቱ በፊት ይህ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

ስለዚህ እጁ የተኮማተረ ሰው ሲመጣ ነጠላውን ገለጥ አድርጎ አንገቱ ላይ ጠባሳ መፈለግ ያዋጣል። የኩላሊት ድክመት፣ የቫይታሚን ዲ እጥረት፣ የቆሽት መቆጣትና ብዙ ደም መውሰድም መንስኤ ይሆናሉ። ብርድ በመፍራት ፀሐይ የማያገኝ ሕፃንም መታሰብ አለበት። በጭንቀት ቶሎ ቶሎ መተንፈስም ተመሳሳይ መኮማተር ያመጣል። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው ላይ ደግሞ አልቡሚን የተባለው የደም ፕሮቲን ስለሚያንስ ጠቅላላ ካልሲየሙ ከእውነተኛው ያነሰ ሊመስል ይችላል።

ላቦራቶሪ እስኪደርስ የደም ግፊት መለኪያ ይረዳል። ከላይኛው ግፊት 20 ከፍ አድርጎ ለ3 ደቂቃ ማቆየት ነው። እጅ ከተኮማተረ ጥርጣሬው ይጠናከራል። ኢሲጂ (የልብ ምት መመዝገቢያ) ላይ ደግሞ ኪውቲ የሚባለው ክፍል ረዝሞ ይታያል።

ምልክቱ ከባድ ከሆነ ለአዋቂ ከ10 እስከ 20 ሚሊ ሊትር 10 በመቶ ካልሲየም ግሉኮኔት በግሉኮስ ተበርዞ፣ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ባለ ጊዜ ውስጥ በደም ሥር ይሰጣል። መቻኮል ልብን ሊያቆም ይችላል፤ ስለዚህ ሞኒተር ላይ ዓይን አይነቀልም። ዲጎክሲን የተባለውን የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል። ሌላው ዓይነት፣ ካልሲየም ክሎራይድ፣ ከደም ሥር ካፈተለከ ሥጋ ያበላሻል። የትኛውም ካልሲየም ከባይካርቦኔት ወይም ሴፍትሪያክሶን ከተባለው አንቲባዮቲክ ጋር በአንድ መስመር አይሰጥም። የመጀመሪያው መጠን ለጥቂት ሰዓት ብቻ ስለሚሠራ ድሪፕ ይከተላል፣ ደሙም እየተደጋገመ ይለካል። ካልሲየሙ አልነሳ ካለ ማግኒዥየም ይታይ፤ እሱ ካልተስተካከለ ካልሲየሙ አይቆምም።