«ቦሌ» የሚል አውቶቡስ ሁሉ ኤርፖርት አይሄድም፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምኖረው በከተማዋ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ነው። በሕንጻችን ውስጥ ባሕር ማዶ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነው፤ ከጎንደር፣ ከመቀሌ፣ ከጅማ በአውሮፕላን የሚመጣ እንግዳም አይጠፋም። ሰው ሊመጣ በተባለ ቁጥር ጥያቄው አንድ ነው። ከኤርፖርት እንዴት ይወጣል? መሃል ከተማ ሆቴል ይዞ ከሆነስ በምን ይደርሳል? መልሱም አንድ ነው፦ «ኮንትራት ያዙለት።» የከተማ አውቶቡስ ወይም የመስመር ታክሲ የሚለው ሰው ካለ እንደ ቆንቋና ይታያል። ይህን ምክር የሚሰጡ ሰዎች ክፋት የለባቸውም፤ የሚያውቁት ነገር ግን አብዛኛው ከወሬ የተለቀመ ነው። ደጋግሜ የሰማሁትን ላንሳና እኔ በየጊዜው እየተመላለስኩ ያየሁትን ላስቀምጥ።

«ቦሌ የሚል ሁሉ ኤርፖርት ያደርሳል»

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያንገላታው ይህ ነው። ቦሌ አንድ ቦታ አይደለም። ቦሌ ሚካኤል አለ፣ ቦሌ መድኃኔዓለም አለ፣ ከማኮብኮቢያው ማዶ በደቡብ በኩል ቦሌ ቡልቡላ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ያለበት ቦሌ ለሚ አለ፣ ከዚያ ደግሞ የእኛው ቦሌ አራብሳ። አራብሳ ዛሬ የሚተዳደረው በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ነው፤ ስሙ ግን ከጥንቱ ቦሌ ጋር እንደተጣበቀ ቀርቷል። ከተማውን የማያውቅ ሰው በአውቶቡሱ ግንባር ላይ «ቦሌ» የሚለውን ካየ ቀሪውን ቃል ለማንበብ አይቆምም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ከመገናኛ ወደ ቤቴ ስመለስ አጠገቤ አንዲት እናት ተቀመጡ። ሻንጣቸው በላስቲክ ተጠቅልሏል፣ ከሌላው እንዲለይ እጀታው ላይ የነጠላ ቁራጭ ታስሮበታል። ትኬታቸውን በፌስታል ውስጥ አድርገው በእጃቸው ጨብጠውታል። ሲ ኤም ሲ ስንደርስ ወደ እኔ ዘንበል ብለው «ልጄ፣ ኤርፖርቱ ገና ነው?» አሉኝ። ደነገጥኩ። ከኤርፖርቱ እየራቅን መሆኑን ስነግራቸው እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ነገሩ ወደ ሌሎች ተሳፋሪዎች ሲደርስ አውቶቡሱ በሙሉ ተነሳ። አንዱ ሻንጣውን ወደ በሩ ያዘ፣ አንዲት ወጣት ሾፌሩን «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች። በቀጣዩ ፌርማታ አብሬአቸው ወረድኩና ማዶ ተሻግረን በመጀመሪያ ያገኘነው መኪና ወደ መገናኛ መለስኳቸው፤ ከዚያ ቦሌ ድልድይ የሚል ታክሲ ያዝን። ቀደም ብለው ከቤታቸው ስለወጡ በረራው አላመለጣቸውም። አንድ ሰዓት ዘግይተው ቢነሱ ኖሮ ግን ያመልጣቸው ነበር።

ስለዚህ «ቦሌ ነው?» ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም። «ኤርፖርት በር ያደርሰኛል?» ብሎ መጠየቅ ነው። ከኤርፖርት ወደ እኛ ሰፈር የሚመጣም ሰው ዘመዶቹ «ቦሌ ነን» ስላሉት ብቻ በእግር የሚደርስ እንዳይመስለው።

«ኤርፖርቱ ከመሃል ከተማ ሩቅ ነው»

ድሮ እውነት ነበር። አውሮፕላን የሚያርፈው ልደታ በነበረበት ዘመን ቦሌ ሜዳ ነበር፤ በ1950ዎቹ አጋማሽ የጄት አውሮፕላኖች ሲመጡ አዲሱ ማረፊያ ወደዚያ የወጣው ሰፊ ቦታ ፍለጋ ነው። ከዚያ ወዲህ ከተማው ኤርፖርቱን አልፎ ሄደ። የዛሬው ዳር እኛ ነን። ከቦሌ ኤርፖርት እስከ መስቀል አደባባይ ወደ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ወሎ ሰፈርን፣ ኦሎምፒያንና ፍላሚንጎን ይዞ የሚሄድ አንድ ቀጥ ያለ መንገድ ነው። መንገዱ ሲዘጋጋ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ርቀቱ የሚያስፈራ አይደለም። ሆቴሉ እዚያው ቦሌ አካባቢ ከሆነ ደግሞ መሃል ከተማ የሚሄድ አውቶቡስ መፈለግ ራሱ ስህተት ነው።

«አውቶቡሱ ተርሚናሉ በር ላይ ይጠብቃል» ወይም «ከነጭራሹ አውቶቡስ የለም»

ሁለቱም ልክ አይደሉም። ከተርሚናሉ በር ላይ የሚገኙት የኤርፖርት ታክሲዎችና የሆቴል መኪናዎች ናቸው። የከተማ አውቶቡስና ሰማያዊ በነጭ ሚኒባስ የሚያዘው ግቢውን ለቅቀው ቁልቁል የመኪና ማቆሚያውን አልፈው ዋናው መንገድ ላይ ሲደርሱ ነው። ቦርሳ ብቻ ለያዘ ሰው ቀላል የእግር መንገድ ነው። እዚያ ሲደርሱ ለስታዲየም፣ ለሜክሲኮ፣ ለመገናኛ፣ ለአራት ኪሎ የሚጣሩ ረዳቶችን ይሰማሉ። ተራ አስከባሪ ካለ እሱን መጠየቅ ይሻላል፤ መስመሩን እንደ እጁ መዳፍ ያውቃል።

የት መውረድ እንዳለብዎ ከሆቴሉ ስም ይልቅ በአካባቢው ስም ይያዙ። ጊዮን ሆቴል ለሚያርፍ ሰው መስቀል አደባባይ ወይም ስታዲየም ወርዶ በእግር መሄድ ነው። ራስ ሆቴል ለለገሃር ይቀርባል፣ ዋቢ ሸበሌ ለሜክሲኮ። ፒያሳ ጣይቱ ሆቴል የያዘ ሰው ወደ ፒያሳ የሚሄደውን ይጠይቅ፤ ካጣ መስቀል አደባባይ ወርዶ ይቀይር። ሂልተን ለሚሄድ የካዛንቺስ አቅጣጫ ነው። ረዳቱን «እባክህ ስንደርስ ንገረኝ» ማለት አያሳፍርም፤ እኛ የከተማው ሰዎችም በማናውቀው መስመር ስንሄድ እንለዋለን።

ጠዋት በሠራተኞች መግቢያ ሰዓት ከሆነ ደግሞ «ፐብሊክ ሰርቪስ» የሚል የተጻፈበት አውቶቡስ ሲያልፍ እጅዎን ዘርግተው አይድከሙ። ያ የመንግሥት ሠራተኞችን ወደ ሥራና ወደ ቤት የሚያመላልስ ነው።

«ቀላል ባቡሩ ኤርፖርት ይገባል»

አይገባም። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ባቡር ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከቃሊቲ ወደ ሰሜን። ሁለቱም ቦሌ ኤርፖርትን አይነኩም። በሌላ አገር ባቡር ከአውሮፕላን ማረፊያው ሥር ስለሚነሳ ዘመዶቻችን እዚህም እንደዚያው ይመስላቸዋል። ለእኛ ለዳርቻው ሰዎች ግን ባቡሩ በሌላ መንገድ ይጠቅማል፦ ከአራብሳ አያት ድረስ በታክሲ፣ ከአያት መገናኛ በባቡር፣ ከመገናኛ ኤርፖርት በታክሲ። ሆቴሉ ስታዲየም ወይም ሜክሲኮ ያለ ሰው ከአያት ተሳፍሮ ሳይቀይር ይደርሳል። ባቡሩ ጠዋትና ማታ ሰው ከሰው ጋር የተጣበቀበት ስለሆነ በዚያ ሰዓት ትልቅ ሻንጣ ይዞ መግባት አልመክርም።

«ትኬቱ ላይ 2 ሰዓት ስለሚል ጠዋት 2 ሰዓት ነው»

ይህ ስለ አውቶቡስ አይመስልም፤ ነገር ግን የትኛው ትራንስፖርት እንደሚሠራ የሚወስነው ይኼው ነው። አውቶቡሱና ታክሲው በኢትዮጵያ ሰዓት ይነጋገራሉ፤ ትኬቱ የሚታተመው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው። ትኬቱ 02:00 ካለ ሌሊት 8 ሰዓት ነው፣ 08:00 ካለ ጠዋት 2 ሰዓት ነው፣ 14:00 ካለ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። የቀኑ ነገር ይብሳል። «ማክሰኞ 01:30» ማለት ሰኞ ለማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ተኩል ነው፤ ጉዞው ሰኞ ማታ ከቤት መውጣትን ይጠይቃል። ጎረቤታችን ልጇን ልትቀበል ማክሰኞ ማታ ተነስታ ሄዳ፣ ልጅቷ ግን ከአንድ ቀን በፊት አርፋ ስልክ በሌለበት ሌሊቱን ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ አድራ ነበር። ያንን ቀን ሳስታውስ አሁንም ያመኛል። ትኬቱን ለሚያውቅ ሰው ማሳየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ሌሊት ለሚያርፍ ሰው አውቶቡስ መጠበቅ ከንቱ ነው፤ የከተማ አውቶቡሶች ሲመሽ እየሳሱ ሄደው ይቆማሉ። ያኔ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ዋጋውን አስቀድሞ ስለሚነግር ይሻላል። ከአውሮፓና ከአሜሪካ የሚመጡ ብዙ በረራዎች ደግሞ ማለዳ ያርፋሉ፤ ፓስፖርት አስመትቶ ሻንጣ ተረክቦ ሲወጣ ሁሉም ሰው ወደ ሥራ የሚሮጥበት ሰዓት ይሆናል። ጊዜ ያለው ሰው ሻይ ቡና ብሎ እስከ 3 ሰዓት ቢቆይ ሰልፉ ይቀልለታል።

«ከአውሮፕላን ወርዶ አውቶቡስ መሳፈር ነውር ነው»

እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ቤይሩት ወይም ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ የኖረች ልጅ ትመለሳለች ሲባል፣ እዚህ ያለው ቤተሰብ ተበድሮ ትልቅ መኪና ይከራያል፤ አክስት፣ አጎት፣ ጎረቤት ተጭኖ ይሄዳል። ፍቅሩ ይገባኛል። አበባ ይዞ የመኪና ማቆሚያው ላይ ቆሞ መጠበቅን የመሰለ ነገር የለም። ግን ብድሩን በኋላ የምትከፍለው ራሷ ልጅቷ ናት። ዓይኗ እያየ ከደመወዟ የተጠራቀመው ብር ገና ቤቷ ሳትገባ ይቀንሳል። በቀን የምታርፍ ከሆነ ሁለት ሰው በመስመር ታክሲ ሄዶ ቢቀበላት፣ ቀሪው ቤት ቡና አፍልቶ ቢጠብቅ፣ ለእሷ ያነሰ አቀባበል አይደለም። ይህን ለእናቷ ለመንገር የሚደፍር ሰው ከመንደሩ ጥቂት ነው፤ እኔ ነግሬአለሁ፣ አንዳንዶቹም ተቀይመውኛል።

ለሆቴል እንግዳም እንዲሁ ነው። ሆቴል የያዘ ሰው በአውቶቡስ ስለመጣ የሆቴሉ ሠራተኛ አይንቀውም። ብዙ ሆቴሎች ራሳቸው መኪና ልከው እንግዳ ይቀበላሉ፤ ክፍል ሲይዙ የበረራ ቁጥሩን ሰጥቶ «መኪና ትልካላችሁ? ዋጋ አለው ወይስ የለውም?» ብሎ መጠየቅ ነው።

«ሻንጣ ይዞ አይቻልም»

ግማሽ እውነት ነው። ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ የያዘ ሰው በሚኒባስ ልሂድ ቢል ቦታም አያገኝም፣ ያገኘም እንደሆነ ለሻንጣው የሌላ ሰው ሒሳብ ይጠየቃል። እውነቱን ለመናገር እዚያ ላይ ረዳቱ አልተሳሳተም፤ የሰው መቀመጫ ተይዟል። አስቀድሞ ተስማምቶ መግባት ጠቡን ያስቀራል። ትልቁ አውቶቡስ ውስጥ ባዶ ቦታ ስላለ አንድ መካከለኛ ሻንጣ ከእግር አጠገብ ይቆማል። ትኬት ቆራጩ ባለበት በር ይግቡ፣ ዝርዝር ብር ያዘጋጁ፣ ትኬቱን እስኪወርዱ አይጣሉ።

ስለ ብር ካነሳን፦ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚመለሱ ሰዎች ከመሳቢያ ያወጡትን አሮጌ ብር ይዘው ይመጣሉ። በመስከረም 2013 ዓ.ም. የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተቀይረዋል፣ ባለ 200 ብር ኖትም ተጨምሯል። አሮጌው ባለ 100 ብር ትኬት አይቆርጥም። ከኤርፖርቱ ሳይወጡ ከባንክ ወይም ከገንዘብ መክፈያ ማሽን ትንሽ ብር መያዝ ነው።

«አውቶቡስ ውስጥ ሌባ ብቻ ነው»

ኪስ አውላቂ አለ፤ መካድ ሐሰት ነው። በተለይ በር ላይ በሚጋፉበት ሰዓት። ፓስፖርትና ዋና ገንዘብ ከልብስ ሥር ይሁን፣ ስልክ ከኋላ ኪስ አይግባ። ነገር ግን ያችን እናት ከተሳሳተ አውቶቡስ ያወረዷት እነዚያው ተሳፋሪዎች ናቸው።

«ድሮ የምወርድበት ፌርማታ አለ»

ላይኖር ይችላል። በኮሪደር ልማቱ ከቦሌ ኤርፖርት እስከ መገናኛ ያለው መንገድ ተለውጧል፣ የእግረኛው መንገድ ሰፍቷል፣ ብዙ ፌርማታዎችና የታክሲ መጫኛዎች ቦታ ቀይረዋል። ከአምስት ዓመት በፊት በሚያውቁት ሕንጻ ምልክት አይተማመኑ። ትልቁ አውቶቡስ እንደ ሚኒባስ «እዚህ ጋ» ስላሉት አይቆምም፤ ለስታዲየም የሚወርድ ሰው ፍላሚንጎን ሲያልፍ ወደ በሩ መጠጋት መጀመር አለበት።

«ኤርፖርቱ ወደ ቢሾፍቱ ሄዷል»

ቢሾፍቱ አጠገብ፣ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ አዲስ ትልቅ ኤርፖርት እንዲሠራ ተወስኗል። ይህን የሰሙ አንዳንድ ሰዎች ቃሊቲ መናኸሪያ ሄደው የቢሾፍቱ መኪና ሲጠይቁ አይቻለሁ። አዲሱ ገና በዕቅድና በግንባታ ላይ ያለ ነው፤ ትኬቱ ላይ አዲስ አበባ የሚል መንገደኛ ዛሬም የሚያርፈውና የሚነሳው ከቦሌ ነው።