ጎንደርን ለልጅ መጻፍ፦ የአጥቢያ ታሪክ ጸሐፊ ሥራ

ጎንደር ላይ ታሪክ መጻፍ የቆየ ሙያ ነው። ድሮ የነገሥታቱን ውሎ የሚመዘግቡ ሰዎች ነበሩ። ዛሬም የሚጽፍ አልጠፋም፤ ቀለቡን የሚሰፍርለት ንጉሥ ግን የለም። የዛሬዎቹ መምህራን፣ ጡረተኞች፣ የቤተ ክህነት ሰዎች ወይም አስጎብኚዎች ናቸው፤ የከተማቸውን ታሪክ ከየቦታው ይለቅማሉ፣ ከራሳቸው ኪስ ያሳትማሉ፣ ሲሆንላቸው ደግሞ ለልጆችም ይጽፋሉ። እኔ የሥራው ትልቅ ፈተና ይኸኛው ይመስለኛል። ትልቅ ሰው «ይባላል» ሲሉት ያልፋል። ልጅ ግን «ማን አለ?» ብሎ ይጠይቃል።

ከመነሻው ልጀምር። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ጎንደርን መናገሻ አደረጓት። ዜና መዋዕል መጻፍ ግን ከዚያ በፊትም የነበረ ልማድ ነው። የአባታቸውን የአፄ ሱስንዮስን ዜና መዋዕል አባ ምህርካ ድንግል ጀመሩት፣ አዛዥ ጢኖ ቀጠሉት። ቋንቋው ግዕዝ ነበር። ጸሐፊዎቹ ለቤተ መንግሥቱ ቅርብ ስለነበሩ ዘመቻውን፣ ሹመቱን፣ የሰፈሩበትን ወንዝ ሳይቀር ጽፈውልናል። ንጉሡን መውቀስ አይቻላቸውም፤ ስለዚህ የዛሬ ጸሐፊ ዜና መዋዕል ሲያነብ ያልተባለውንም ማድመጥ አለበት። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ደጃዝማች ኃይሉ የቆዩ ዜና መዋዕሎችን አሰባስበው አስገለበጡ። እሳቸው ባይኖሩ ብዙ ነገር በጠፋ ነበር። የነገሥታት ታሪክ ወደ አማርኛ የዞረው በአፄ ቴዎድሮስ ጊዜ ነው፤ ደብተራ ዘነብና አለቃ ወልደ ማርያም የንጉሡን ታሪክ ሕዝቡ በሚናገረው ቋንቋ ጻፉ። ከዚያ በኋላ የመጡት የቤጌምድሩ ሰው አለቃ ታዬ ገብረ ማርያም ደግሞ ሁለቱንም ሥራ አብረው የያዙ ናቸው። በርሊን ድረስ ሄደው ግዕዝ አስተምረዋል፣ የሰዋስው መጽሐፍ አዘጋጅተዋል፣ የኢትዮጵያን ሕዝብ ታሪክም ጽፈዋል። አስተማሪነትና ታሪክ ጸሐፊነት አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ እሳቸውን ይይ።

አሁን ወደ ምንጩ። ጎንደር ብዙ የተጻፈባት፣ ብዙም የተዘረፈባት ከተማ ናት። አፄ ቴዎድሮስ የአብያተ ክርስቲያናቱን መጻሕፍት ሰብስበው መቅደላ ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1868 እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ መጻሕፍቱን ጭነው ሄዱ፤ 350 ገደማ የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ዛሬ ለንደን ናቸው። ሃያ ዓመት ሳይቆይ፣ በጥር 1880 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1888)፣ ደርቡሾች ከሱዳን ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። ስለዚህ የጎንደርን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ስለገዛ ከተማው የተጻፈውን ብዙውን ነገር የሚያገኘው በባዕድ አገር ሰዎች እትም ነው። ይኼ ያስቆጫል። አንድ ልጅ «መጽሐፎቻችን የት ሄዱ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስም ይኸው ነው፤ መደባበስ አያስፈልገውም።

የቀረው ሰው ጋ ነው። አንዳንዱ የወንጌል ኅዳግ ላይ የተጻፈ የርስት ውል አለ፣ የመቃብር ጽሑፍ አለ፣ ከሁሉም በላይ ግን አፍ አለ። እሱን ለማግኘት ደግሞ ወግ ያስፈልጋል። የኔታ ዘንድ የሚሄድ ሰው ደብተሩን አውጥቶ ጥያቄ አይደረድርም። መጀመሪያ ጤና ይጠይቃል፣ ይቀመጣል፣ ቡና ይጠጣል። የጎንደር ሽማግሌ «አንቱ» ተብሎ ያደገ ነው፤ አንተ ያለውን ሰው በጨዋነት ይሸኘዋል እንጂ አይነግረውም። ያልቸኮለ ሰው በሦስተኛው ቀን ስለ ሰፈሩ አመሠራረት፣ ስለ አያቱ ሙያ፣ አጥር ላይ ስለቀረ አንድ ድንጋይ ይሰማል። የሰማውን ደግሞ ሌላ ሽማግሌ ዘንድ ወስዶ ያስተያያል። ሁለቱ ካልተስማሙ ሁለቱንም ይጽፋል። ይኼ ነገር ጊዜ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም።

ለልጆች መጽሐፍ የሚሆነው ነገርስ? እዚህ ላይ ጎንደር ሀብታም ናት። የነገሥታቱን ግቢ በሮች ብቻ እንውሰድ። 900 ሜትር ገደማ በሚሆነው አጥር ላይ ያሉት በሮች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው። ዳኞች የሚገቡበት ወንበር በር ነው። የሙዚቀኞቹ እምቢልታ በር፣ የፈረሰኞቹ አለቃ ባልደራስ በር። የፈታዮቹ አደናግር በር ይባላል። እርግብ በር አለ፣ በእቴጌ ምንትዋብ እናት ስም የተጠራ እንኮዬ በር አለ። ልጅን በነገሥታት ስም ዝርዝር ከማሰልቸት በበሮቹ ማስገባት ይሻላል። ማን በየትኛው በር እንደሚገባ ካወቀ ግቢው ውስጥ ማን ይኖር እንደነበር ያውቃል፤ ፈታዩም፣ ፈረሰኛውም፣ ነፊውም የታሪኩ ሰው ይሆናል። አንድ ቅዳሜ ልጆችን ይዞ አጥሩን መዞር ደግሞ ከማንኛውም ምዕራፍ ይበልጣል።

ሁሉም ሕንፃ የፋሲል ነው የሚባለውን ስህተት ማቃናትም የጸሐፊው ድርሻ ነው። ስሙ ያሳስታል፤ «ፋሲል ግንብ» ስንል ልጁ ሁሉንም አንድ ሰው የሠራው ይመስለዋል። የአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ቤተ መጻሕፍት አለ። የልጃቸው የአፄ ኢያሱ ቤተ መንግሥት አለ። የአፄ ዳዊት የዘፈን ቤት አለ፣ የአንበሶቹም ቤት አለ። የአፄ በካፋና የእቴጌ ምንትዋብም ሕንፃዎች አሉ። ከመቶ ዓመት በላይ እየተጨመረ የሄደ ግቢ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1979 የዓለም ቅርስ አድርጎ ሲመዘግብም የመዘገበው ይህንን ሁሉ ነው።

ከዚያ ወጎቹ ይመጣሉ። አፄ በካፋ ማንነታቸውን ደብቀው ሲዞሩ ቋራ ላይ ታመሙ፣ አንዲት ልጃገረድ አስታመመቻቸው፣ እሷም ምንትዋብ ሆነች የሚለው አለ። የፋሲል ፈረስ የዞብል መቃብር አለ፤ ጥምቀት በሚከበርበት በፋሲል መዋኛ አጠገብ። ቋራ ላይ ያደገው ካሣ፣ የኋላው አፄ ቴዎድሮስ፣ «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እየተባለ ሲሰደብ ኖሮ ዙፋን ላይ መውጣቱ አለ። ደርቡሾች ሲመጡ ንብ ወጥቶ ደብረ ብርሃን ሥላሴን አዳነ የሚለው ደግሞ ሁሉም የጎንደር ልጅ የሚያውቀው ነው። ጥያቄው እነዚህን እንዴት እንጻፋቸው ነው። አንዳንዱ ጸሐፊ ሁሉንም እንደ ታሪክ ያስገባል። አንዳንዱ ያልተረጋገጠ ነው ብሎ ይጥላል። ሁለቱም ልጁን ይጎዱታል ብዬ አምናለሁ። «አባቶቻችን እንዲህ ይላሉ» ብሎ የንቡን ወግ ሙሉ በሙሉ መንገር፣ ቀጥሎ «ቤተ ክርስቲያኑ ከቃጠሎው መትረፉ ግን የታወቀ ነው» ማለት ይቻላል። የሰባት ዓመት ልጅ ይኼን ልዩነት ይረዳል። ከተረት ጋር ያደገ ነው እኮ! «ተረት ተረት» ሲሉት «የላም በረት» ብሎ መቀበል እንደሚያውቅ ሁሉ፣ ታሪክ ሲነገረውም ታሪክ መሆኑን ካሳወቁት ያውቃል።

የሚያምመውን ክፍል ብዙዎች ይዘሉታል። እ.ኤ.አ. በ1668 በአፄ ዮሐንስ ጊዜ የተሰበሰበው ጉባኤ እስላሞችና ቤተ እስራኤል ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። የከተማዋ ግንበኞች፣ አንጥረኞች፣ ሸማኔዎችና ነጋዴዎች ግን ብዙዎቹ እነሱ ነበሩ። የእስላሞቹን ሰፈር አዲስ ዓለምን ወይም የቤተ እስራኤልን መንደር ወለቃን ሳያነሳ የተጻፈ የልጆች የጎንደር ታሪክ ጎደሎ ነው፤ የአዲስ ዓለም ልጅም መጽሐፉን ሲገልጥ ራሱን ማግኘት አለበት። በቀላል ቃል ይጻፋል፦ እነዚህ ሰዎች ከተማዋን አብረው ሠሩ፣ ተለይታችሁ ኑሩ ተባሉ።

የዘመን ቁጥር ሌላው ጣጣ ነው። የእኛና የፈረንጁ ልዩነት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ገደማ ሰባት ዓመት ነው፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት። አፄ ቴዎድሮስ የነገሡት በየካቲት 1847 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጁ 1855፤ ስምንት እንቀንሳለን። የጣሊያን ጦር ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ነው፣ በፈረንጁ 1941፤ እዚህ ሰባት ነው። ወሩን ሳያይ ስምንት የቀነሰ ሰው አንድ ዓመት ይሳሳታል፣ ስህተቱም ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲቀዳ ይኖራል። ለልጅ ሲጻፍ አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው መያዝ ይሻላል፤ እኔ የኛውን እመርጣለሁ።

ስዕሉንም ማሰብ ያስፈልጋል። ሰዓሊው ጎንደርን ሳያይ ሲስል የቆርቆሮ ጣሪያ ያስገባል፣ የዛሬ ሱሪም ያለብሳል። ጸሐፊው አብሮት ግቢውን ካልዞረ፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣሪያ የሞሉትን ዓይናማ መላእክት ካላሳየው፣ ስዕሉ ጽሑፉን ያፈርሰዋል። ቃሉም እንደዚሁ ነው። አዛዥ፣ እልፍኝ፣ ባልደራስ፣ እጨጌ፤ እነዚህን አውጥቶ በቀላል ቃል መተካት ይቻላል፣ ግን ምን ቀረ ታዲያ? እዚያው ገጹ ላይ ፈትቶ መተው ነው የሚሻለው።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። ወረቀት ውድ ነው፣ ባለቀለም ኅትመት ደግሞ ይብሳል። ጸሐፊው ራሱ ያሳትማል፣ ራሱ ተሸክሞ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት ይዞራል፣ በጥምቀት ሰሞን እንግዳ ሲበዛ ትንሽ ይሸጣል። በዚህ ሥራ የሚከብር የለም።

መጽሐፉ ከወጣ በኋላም ሥራው አያልቅም። አንዱ ሽማግሌ መንገድ ላይ ያስቆሙና «እንዲያ አይደለም ልጄ፣ ያ በር በታች በኩል ነው» ይላሉ። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ ስዕሉ ላይ የዞብል መቃብር እንደሌለ ትናገራለች። ደኅና ጸሐፊ አንድ ቅጂ ለዚህ ብሎ ያስቀምጣል፤ የተባለውን ሁሉ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ይጽፍበታል፣ ማን እንደነገረውና መቼ እንደሆነ ጭምር፤ ሁለተኛው እትም የሚነሳው ከዚያ ቅጂ ነው።