ጨው ብቻ አይደለም፦ የምጽዋ ዳርቻ አፈርና ማንግሮቭ

ኤርትራ ውስጥ ከምጽዋ በስተ ደቡብ ወዳለችው የባሕር ዳር መንደር ሕርጊጎ ሲኬድ የባሕሩ ዳር አብዛኛው ራቁቱን ነው፣ አሸዋና ጨው ብቻ፣ ከዛ የሆነ ቦታ ላይ ጥቅጥቅ ያለ አረንጓዴ ዛፍ እግሩን ባሕር ውስጥ ነክሮ ቆሞ ታያላችሁ። ማንግሮቭ ነው። ባሕሩ ያው፣ ፀሐዩ ያው፣ ታዲያ እዚህ በቅሎ እዛ ለምን እምቢ አለ? ነገሩ ያለው አፈሩ ላይ ነው።

በቀይ ባሕር ዳር በብዛት ያለው ዝርያ አቪሴኒያ ማሪና ይባላል። ቀይ ባሕር በአንድ ኪሎ ውሃ ወደ 40 ግራም ጨው አለው፣ ውቅያኖስ በአማካይ 35 ገደማ ነው። አፈሩ ጨው ከበዛበት ተክሉ ውሃ ውስጥ ቆሞም ይጠማል፣ ምክንያቱም ጨው ውሃውን ለሥሩ አይለቅለትም። አቪሴኒያ አብዛኛውን ጨው ሥሩ ላይ ያስቀረዋል፣ ያመለጠውን ደሞ በቅጠሉ ያስወጣዋል፣ ቅጠሉን በምላስ ነካ ብታደርጉት ጨው ጨው ይላል።

አየርም ችግር ነው። ጭቃውን በእጃችሁ ጫር ብታደርጉት ከላይ ቡናማ ነው፣ ትንሽ ዝቅ ሲል ይጠቁርና የተበላሸ እንቁላል ይሸታል፣ ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች የሚያወጡት ጋዝ ነው እሱ። ለዚህ ነው ዛፉ ዙሪያውን እንደ እርሳስ የቆሙ ሥሮች ከጭቃው ወደ ላይ የሚያወጣው፣ ባሕሩ ሲሸሽ በነሱ ይተነፍሳል።

የሚገርመው ከባሕሩ ትንሽ ራቅ ያለው ሜዳ ይብሳል። ማዕበሉ አልፎ አልፎ ብቻ ይደርሰዋል፣ ፀሐይ ውሃውን ትወስድና ጨውን ትታው ትሄዳለች፣ እዛ የሚችለው እንደ ሱኤዳ ያለ ቅጠሉ ወፍራም ቁጥቋጦ ነው። ባሕር ባይኖርም እንዲህ ይሆናል፣ አፋር ክልል ውስጥ አሚባራ አካባቢ የጥጥ እርሻዎች በመስኖ ምክንያት የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ብሎ ጨው እንዳበላሻቸው የአዋሽ ሰው ያውቃል።

ግን ጨውና አየር የሕርጊጎን ነገር ሙሉ በሙሉ አያስረዱም። ጎርደን ሳቶ የሚባል ጃፓናዊ አሜሪካዊ የሴል ባዮሎጂ ሳይንቲስት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ የጃፓን ዘር ያላቸውን ሰዎች ባሰረችበት ማንዛናር ካምፕ ታስሮ የነበረ፣ ኤርትራ ሄዶ ማንግሮቭ የሚበቅለው የዝናብ ጎርፍ ወደ ባሕር በሚገባበት ቦታ መሆኑን አየ። ስለዚህ ዛፉ የሚፈልገው ጨው የሌለው ውሃ ነው ማለት ይቀላል፣ እሱ ግን ወሳኙ ጎርፉ ይዞት የሚመጣው ነው አለ፦ ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ብረት፣ ማለትም የባሕር ውሃ በበቂ የማይሰጠው። እኔ በጣም የምወደው ይሄን ነው፣ ሁሉም ሰው የሚያየውን ጎርፍ አይቶ ሌላ ጥያቄ መጠየቁ።

መፍትሄው ለኛ ገበሬ እንግዳ አይደለም፣ ዩሪያና ዳፕ ነው። ሳቶና ሠራተኞቹ ማዳበሪያውን ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ከትተው በሚስማር ይበሱትና ከችግኙ አጠገብ ይቀብሩት ነበር፣ ቁራጭ ብረትም አብሮ ይገባ ነበር። ሳቶ ይሄን የተከላ ፕሮጀክት ያንኑ የእስር ካምፕ ስም ሰጠው፣ ማንዛናር፣ በ2002 ሮሌክስ ሽልማት በ2005 ደሞ ብሉ ፕላኔት ሽልማት አገኘ፣ በ2017 አረፈ። ዛፉ ሲደርስ ቅጠሉና ፍሬው ለፍየል ቀለብ ይሆናል፣ ግመልም ይወደዋል፣ ስለዚህ ችግኝ የተተከለበት ቦታ ጥበቃ ይፈልጋል።

ሥራው ግን ያለው ከረጢቱ ቀዳዳ ላይ ነው። ሰፋ ካለ ማዳበሪያው ባንዴ ፈስሶ ባሕር ይገባል፣ ለዛፉም አይሆንም ለኮራሉም (ድንጋይ የመሰለ ቅርፊት ለሚሠራው የባሕር እንስሳ) ጥሩ አይደለም፣ ከጠበበ ደሞ ችግኙ ቢጫ ሆኖ ይቀራል።