ብርድ ያለጥፋቱ ሲከሰስ፦ በመጸው ስለ ልጆች ጤና የምንሳሳታቸው ነገሮች

ቀኑ ያጥራል፣ ማታ ማታ ይቀዘቅዛል፣ ትምህርት ቤት ይከፈታል። ብዙም ሳይቆይ ቤቱ ንፍጥ በንፍጥ ይሆናል። ያኔ መካሪው ብዙ ነው። ከምክሩ ግን የማይሆነውም አይጠፋም።

«ያለ ካልሲ ሲሮጥ ብርድ መታው»

ጉንፋን የሚያሲዘው ቫይረስ ነው። ከ200 በላይ ዓይነት ስላለው ልጅ አንዴ ታሞ አይገላገልም። ትንሽ ልጅ በዓመት ከ6 እስከ 8 ጊዜ ቢይዘው የተለመደ ነው። ብርዱ ጨርሶ የለበትም ማለቴ አይደለም። ሲበርድ በር ዘግተን እንሰበሰባለን፤ አንዱ ያሳለውን ሌላው ይተነፍሰዋል። እጅም አለ። አንዱ ልጅ እርሳሱን ሲያኝክ ይቆያል፣ ጓደኛው ይዋሰዋል፣ ከዚያ ዓይኑን ያሻል። በቃ፣ ተላለፈ። ስለ ካልሲው ከመጨቃጨቅ ይልቅ እጁን በሳሙና ለ20 ሰከንድ ያሹት።

«ንፍጡ አረንጓዴ ሆኗል፣ አንቲባዮቲክ ይፈልጋል»

አይፈልግም። በተራ ጉንፋንም ቀለሙ ይለወጣል፤ አንቲባዮቲክ ደግሞ ቫይረስን አይነካም። ከአምና የተረፈውን ሽሮፕ ከመሳቢያ ማውጣትማ ጭራሽ አይታሰብ። ለሳሉ ትንሽ ማር ይረዳል። ዕድሜው 1 ዓመት ላልሞላው ግን ጠብታ ማር እንኳ አይሰጥም፤ ቦቱሊዝም የሚባል ከባድ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

«ትኩሳት ከሌለው ምንም አይልም»

እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ከቴርሞሜትሩ በላይ የሚናገር ነገር አለ፤ አተነፋፈሱ። ልጁ ሳያለቅስ፣ ረጋ ባለበት ሰዓት ልብሱን ገለጥ አድርጉና ደረቱን እያያችሁ ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሩ። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል፤ ሕፃናት አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት ይላሉ። ከ2 ወር በታች 60፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፣ ከዚያ እስከ 5 ዓመት ደግሞ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ይህ የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ነው፤ የሳንባ ምች የሚጠረጠረው በዚህ ነው። በተነፈሰ ቁጥር ከጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ቁጥሩን ተዉት፣ ቶሎ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ትኩሳትን ናቁት አላልኩም። 3 ወር ያልሞላው ሕፃን 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌላ ምልክት ሳይጠበቅ ወዲያው ይታይ።

«የኢንፍሉዌንዛ ክትባቱ ራሱ ያሳምማል»

በመርፌ የሚሰጠው ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ የለውም። ክንድ ሊያም፣ መጠነኛ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል፣ ያልፋል። ከ6 ወር ጀምሮ ይሰጣል፤ መከላከል የሚጀምረው ግን ከ2 ሳምንት ገደማ በኋላ ስለሆነ ወረርሽኙ እስኪገባ አትጠብቁ።

«ደራርቦ የለበሰ ልጅ ችግር የለበትም»

በመኪና ውስጥ አለበት። ወፍራም ጃኬት ላይ የታሰረ ቀበቶ ጠባቂ ይመስላል፤ ግጭት ሲመጣ ግን ጃኬቱ ይጨመቅና ቀበቶው ይላላል። ጃኬቱን አውልቁ፣ ልጁን በቀበቶው እሰሩት፣ ከዚያ ጃኬቱን ከላይ አልብሱት። ሲተኛም እንዲሁ ነው፤ 1 ዓመት ያልሞላው ሕፃን አልጋ ውስጥ ብርድ ልብስና ትራስ አይገባም። እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ልብስ ብቻ ጨምሩለት።

«መስኮቱን ገርበብ ካደረግን ከሰሉ አይጎዳም»

ይጎዳል። ከሰል ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ቀይ ሲሆን ሰው ይዘናጋል፤ ጋዙ ግን ያኔም ይወጣል። ገርበብ ያለ መስኮት ለዚህ አይበቃም። ልጆች ፈጠን ፈጠን ብለው ስለሚተነፍሱ ቀድመው ይጎዳሉ። ደግሞ ምልክቱ ጉንፋን ይመስላል፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካም። መለያው ይሄ ነው፦ ትኩሳት የለም፣ ቤት ያለው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ያመዋል፣ ውጭ ሲወጣ ቀለል ይለዋል። እንዲህ ከሆነ ሁላችሁም ከቤት ውጡ፣ ከዚያ ለእርዳታ ደውሉ።