የድሮ ግንብ ዓይኖች፦ በሞርታር ውስጥ ስላሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች

እንጦጦ ላይ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከድንጋይ፣ ከጭቃና ከእንጨት የተሠራው የአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት አለ። ክረምት እዚያ ይከብዳል። ግድግዳው ይርሳል፣ ይደርቃል፣ ደግሞ ይርሳል። እንዲህ ያለ ግንብ እርጥበቱን በብዛት የሚያወጣው በድንጋዮቹ መሀል ባለው ማያያዣ፣ በሞርታሩ በኩል ነው። ስለዚህ ቅርስ የሚጠግን ሰው ከጥንካሬው በፊት ቀዳዳውን ማወቅ አለበት ባይ ነኝ።

እንጀራን አስቡ። ዓይናማው ወጡን ምጥጥ ያደርጋል፤ ዓይን ያላወጣው ላይ ግን ወጡ እንዳለ ይቀመጣል። ሞርታርም ዓይን አለው፣ አብዛኛው ግን ለዓይን አይታይም። በኖራ ሞርታር ውስጥ ከጠቅላላው ይዘት ሲሶ ያህሉ ባዶ ሊሆን ይችላል። ብዛቱ ብቻውን ግን ብዙ አይነግረንም። ዋናው ስፋታቸውና እርስ በርስ መገናኘታቸው ነው፤ ሰፋ ያሉት ውሃ ቶሎ ይስባሉ፣ ጠባቦቹ ቀስ ብለው ግን ከፍ አድርገው ይስቡታል፣ ይዘውትም ይቆያሉ።

የሲሚንቶ ቀዳዳዎች በጣም ጠባብ ናቸው። የድሮ ግንብ መጋጠሚያ በሲሚንቶ ሲደፈን እርጥበቱ መውጫ ያጣና በድንጋዩ በኩል ይወጣል። አብሮት የመጣው ጨው እዚያው ደርቆ ክሪስታል እየሠራ ድንጋዩን ከውስጥ ይገፋዋል። እንጦጦ ግርጌ አንድ የድሮ ቤት ላይ ይህንኑ አይቻለሁ፤ የሲሚንቶው መስመር እንደ አዲስ ቆሟል፣ ዙሪያው ያለው ድንጋይ ግን ነጭ ዱቄት አውጥቶ በጣት ሲነኩት ይረግፋል። በጣም ያሳዝናል።

የሞርታሩን ቀዳዳ ማጥናት የሚጀምረው ከሚዛን ነው። ናሙናው ደርቆ ይመዘናል፣ አየሩ ተመጦ ወጥቶለት ውሃ ይጠግባል፣ ከዚያ አንዴ ውሃ ውስጥ እንዳለ፣ አንዴ ወጥቶ ይመዘናል። ከሦስቱ ክብደቶች የባዶው ቦታ መጠን ይሰላል። የጭቃ ሞርታር ግን ውሃ ውስጥ ይሟሟል! ለእሱ እንደ ላምባ ያለ ፈሳሽ ይሻላል።

የቀዳዳዎቹን ስፋት ለማወቅ ሜርኩሪ በግፊት ይገባል። ሜርኩሪ በራሱ ፈቃድ ቀዳዳ ውስጥ አይገባም፤ ቀዳዳው በጠበበ ቁጥር የሚያስፈልገው ግፊት ይጨምራል። ግፊቱን ከስፋት ጋር የሚያያይዘው የዋሽበርን ቀመር እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣ ነው። ግፊቱ ወደ 400 ሜጋ ፓስካል (ከአየር ግፊት 4,000 እጥፍ ያህል) ሲደርስ ከ4 ናኖ ሜትር (ናኖ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) የማይበልጥ ቀዳዳ ሳይቀር ይታያል። ችግሩ ቀመሩ ቀዳዳውን ሁሉ እንደ ቀጥ ያለ ቱቦ ማየቱ ነው፤ አፈ ጠባብ ሆዱ ሰፊ የሆነውን፣ እንደ እንስራ ያለውን፣ በአፉ ብቻ ለክቶ ጠባብ ነው ይለናል። ለዚህ ነው ናሙናውን በማይክሮስኮፕ ማየትም የግድ የሚሆነው።

ናሙናው ዝናብ ካጠበው ገጽ ሳይሆን ከውስጥ ቢወሰድ ይመረጣል። ለጥገና የሚዘጋጀው አዲስ ኖራ ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየወሰደ ቀስ በቀስ ስለሚጠነክር ቀዳዳውም አብሮ ይለወጣል፤ እንደ ሲሚንቶ በ28 ቀን ለክቶ መዝጋት አይሆንም፣ ከወራት በኋላ፣ ሲቻል ከዓመት በኋላ፣ እንደገና መለካት አለበት።